ለማድለብ የሚገዛ በሬ ዋጋ በምን ይወሰናል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድለባ ልጀምር ነው ብሎ የሚደውልልኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «በአንድ በሬ ስንት ይተርፋል?» ነው። እኔ ደግሞ መልሼ «ስንት ልትገዛው ነው?» እለዋለሁ፣ ብዙው ሰው እዛ ላይ ዝም ይላል። የደለበ በሬ ዋጋ የበዓል ሰሞን ዜና ላይ ስለሚወራ ሁሉም ያውቀዋል፣ የከሲታው በሬ ዋጋ ግን ማንም አያወራውም፣ ኪሳራው የሚመጣው ደግሞ ከሱ ነው። ስለዚ በተደጋጋሚ የሚጠየቁትን እዚህ ሰብስቤያለሁ።

ለድለባ የሚገዛ ከብት ዋጋ ለእርድ ከሚገዛው በምን ይለያል?

ሉካንዳ ቤት ያለው ሰው የሚገዛው ዛሬ በሬው ላይ ያለውን ሥጋ ነው። ነገ ያርደዋል፣ ከቁም ክብደቱ ግማሽ ገደማ ሥጋና አጥንት ያገኛል፣ በቃ ሒሳቡ አለቀ። አድላቢ ግን የሚገዛው ገና ያልመጣ ሥጋ ነው፣ እኛ የምንገዛው አጥንትና አፍ ነው ብል ይሻላል። አጥንት ማለቴ ቁመቱ፣ የጀርባው ርዝመት፣ የደረቱ ስፋት፣ የዳሌው ስፋት፣ ሥጋ የሚሸከምበት ቦታ አለው ወይ ነው። አፍ ማለቴ ደግሞ ይበላል ወይ ነው። ስለዚህ ለሉካንዳ የማይሆን የከሳ በሬ ለአድላቢ ወርቅ ሊሆን ይችላል፣ ለሉካንዳ ቆንጆ የሆነው ሞላ ያለ በሬ ደግሞ ለአድላቢ አክሳሪ ነው ምክንያቱም የሌላ ሰው የድካም ዋጋ ከፍላችሁ ነው የምትወስዱት።

ከፍተኛው መግዣ ዋጋዬን እንዴት ላውቅ እችላለሁ?

ወደ ኋላ ቁጠሩ። ከሚሸጥበት ዋጋ ተነስታችሁ መኖውን፣ ሌላውን ወጪ፣ የምትፈልጉትን ትርፍ ትቀንሳላችሁ፣ የቀረው ለመግዣ የምትከፍሉት የመጨረሻው ጣሪያ ነው። ለሒሳብ እንዲመቸን ቁጥር ልስጥ (የዛሬ የገበያ ዋጋ እንዳይመስላችሁ፣ ምሳሌ ነው)። 220 ኪሎ የሚሆን ከሲታ በሬ አያችሁ እንበል። 90 ቀን ልታደልቡት ነው፣ በደንብ ከበላና ጤነኛ ከሆነ በቀን 0.8 ኪሎ ጨመረ እንበል፣ 72 ኪሎ ይመጣል፣ ሲሸጥ 292 ኪሎ ነው። የቁም ኪሎው በ330 ብር ከሄደ 96,360 ብር። መኖ በቀን 250 ብር ከሆነ በ90 ቀን 22,500፣ መድኃኒት፣ መኪና፣ ደላላ፣ ጠባቂ ምናምን ተደምሮ 4,000። ሁለቱን ስትቀንሱ 69,860 ይቀራል። 10,000 ማትረፍ የምትፈልጉ ከሆነ ከ59,860 በላይ መግዛት የለባችሁም። ገበያ ላይ ደላላው «66 ሺ ጨርስ፣ በሬው እኮ ያምራል» ሲላችሁ 6 ሺ ብር ብቻ የጨመራችሁ ይመስላችኋል፣ የሰጣችሁት ግን ከትርፋችሁ ከግማሽ በላዩን ነው።

አሁን መኖውን ብቻ ከ250 ወደ 300 አድርጉትና ድጋሚ አስሉት። 27,000 ይሆናል፣ የመግዣ ጣሪያችሁ ወደ 55,360 ይወርዳል። መኖ በቀን 50 ብር ሲጨምር በሬው መርከስ የነበረበት በ4,500 ብር ነው ማለት ነው።

ታዲያ ፉርሽካና ፋጉሎ (ከቅባት እህል ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረው) እየተወደደ ከሲታው በሬ ለምን አይረክስም?

ይሄ ጥያቄ በጣም ትክክለኛ ነው፣ እኔም ለብዙ ጊዜ ግራ ሲገባኝ ነበር። ወረቀት ላይ መኖ ሲወደድ አድላቢው የሚከፍለው ይቀንሳል ስለዚህ ከሲታው ይወርዳል። እኛ ሀገር ግን ከሲታውን በሬ የሚፈልገው አድላቢ ብቻ አይደለም። ገበሬው ለእርሻ ይፈልገዋል። ነጋዴው ወደ ሌላ ገበያ ወስዶ ለመሸጥ ይፈልገዋል። አንዳንዱ ደግሞ ብር ባንክ ከሚቀመጥና ዋጋው ከሚያልቅ በሬ ሆኖ ጓሮ ይቁም ብሎ ይገዛል፣ በሬ ባንክ ነው በገጠር። ሻጩም ቢሆን ብር ካላስቸገረው ወደ ቤቱ ይዞት ይመለሳል፣ ምክንያቱም የሱ በሬ ፉርሽካ አይበላም፣ ጭድና የወንዝ ዳር ሳር ነው የሚበላው፣ የመኖ ውድነት የሚያቃጥለው እኛን እንጂ እሱን አይደለም። ስለዚ መኖ ሲወደድ ከሲታው በሬ ትንሽ ቢወርድ እንጂ በሒሳቡ ልክ አይወርድም፣ ልዩነቱን ከኪሱ የሚከፍለው አድላቢው ነው። በዚህ ጊዜ ቁጭ ማለትም አንድ ውሳኔ ነው። የሆነ ዙር ባዶ በረት ይዞ ማለፍ ኪሳራ የሚመስለው ሰው አለ፣ ግን አይደለም።

በነገራችን ላይ መኖ ስንል ፉርሽካ ብቻ አይደለም። የኑግ ፋጉሎ፣ የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ፣ ሞላሰስ (የስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት)፣ የቢራ አተላ፣ የጠላ አተላ፣ የባቄላና የአተር ገለባ፣ የጤፍ ጭድ… ለስኳር ፋብሪካ ቅርብ የሆነና ለቢራ ፋብሪካ ቅርብ የሆነ አድላቢ ለአንድ አይነት በሬ የተለያየ ዋጋ መክፈል ይችላል። ገበያ ላይ አጠገባችሁ ቆሞ ከናንተ 3 ሺ ጨምሮ የሚገዛውን ሰው እብድ ነው አትበሉት፣ መኖው ከናንተ ረክሶለት ሊሆን ይችላል። እሱን ተከትላችሁ ከጨመራችሁ ግን እብዱ እናንተ ናችሁ።

በየትኛው ወር ነው ከሲታ በሬ የሚረክሰው?

የወሩን ስም ብቻ ከመያዝ በየወሩ ማን ተቸግሮ እንደሚሸጥና ማን ተቻኩሎ እንደሚገዛ ብታዩት ይሻላል።

እርሻ ሲጀመር፣ ግንቦትና ሰኔ አካባቢ፣ ትከሻው የጠነከረ በሬ ይወደዳል ምክንያቱም አንድ በሬ የሞተበት ወይም ያረጀበት ገበሬ ጥማዱን ማሟላት አለበት፣ ዝናብ አይጠብቀውም። በዛው ሰሞን ደግሞ ለማዳበሪያና ለዘር ብር ያጠረው ገበሬ ወይፈን ያወጣል። ስለዚህ በአንድ ገበያ ውስጥ የሚያርስ በሬ ሲወደድ ገና ያልተገራው ወይፈን ረከስ ብሎ ታገኙታላችሁ፣ ይሄን ብዙ ጀማሪ አያየውም። እርሻው ሲያልቅ ነሐሴና መስከረም ላይ የደከሙ፣ የከሱ በሬዎች ይወጣሉ፣ የልጆች ትምህርት ቤት መመዝገቢያ አለ፣ እንቁጣጣሽና መስቀል አለ፣ ብር ያስፈልጋል። እኔ ብዙውን የምገዛው በዚህ ሰሞን ነው፣ መስከረም መጨረሻ የተገዛ በሬ 90 ቀን ሲሞላው ገና ይደርሳል፣ ሳሩም ያኔ በሽ ነው።

ለፋሲካ የሚያደልብ ሰው ደግሞ ከገና ጀምሮ እስከ ጥር መጨረሻ ድረስ ገዝቶ መጨረስ አለበት፣ ፋሲካ እንደየዓመቱ ወዲህ ወዲያ ስለሚል ቀኑን ከካላንደር አይታችሁ 90 ወደ ኋላ መቁጠር ነው። ችግሩ ሁሉም ሰው ይሄን ያውቃል። ጥር ላይ ሁሉም አድላቢ አንድ ላይ ገበያ ይወርዳል፣ ከሲታው በሬ ይወደዳል፣ ከዛ ፋሲካ ላይ ሁሉም የደለበ በሬ አንድ ላይ ይወጣል፣ የደለበው ይረክሳል። ከሁለቱም ወገን ይመታችኋል። እኔ ለፋሲካ ዋዜማ ሳይሆን ከፋሲካ በኋላ ላለው በዓለ ሃምሳ የሚደርስ በሬ መያዝ ደስ ይለኛል፣ ሃምሳ ቀን ረቡዕ ዓርብ እንኳን አይጾምም፣ ሠርጉ የሚበዛው ያኔ ነው፣ ሉካንዳው ሁሌ ይገዛል።

ጾም ዋጋ ያወርዳል የሚባለው እውነት ነው?

የደለበውን አዎ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ብዙ ሉካንዳ ይዘጋል ወይም ይቀዘቅዛል፣ በጾም መሀል ደልቦ ያለቀ በሬ የያዘ ሰው በየቀኑ መኖ እየገዛ ነው የሚጠብቀው። ከሲታው ግን በጾም ብዙም አይወርድም ምክንያቱም የሚገዛው ለጾም ሳይሆን ለፍስኩ ነው። ሙስሊሙ አካባቢ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፣ የአረፋ ገበያ አለ፣ ቀኑ በየዓመቱ በ10 ወይም 11 ቀን ቀደም እያለ ስለሚመጣ አንዳንዴ ከፋሲካ ጋር ይቀራረባል አንዳንዴ ይርቃል፣ ሲቀራረቡ ገበያው ሌላ መልክ ይይዛል። ለኡድሒያ (ለአረፋ መሥዋዕት) የሚሆን ከብት ሁለት ዓመት የሞላው፣ አንካሳ ያልሆነ፣ ዓይኑ ያልጠፋ፣ ያልታመመና ከመጠን በላይ ያልከሳ መሆን አለበት፣ ስለዚህ ለአረፋ ብላችሁ የምትገዙ ከሆነ ትንሽ ጉድለት ያለበትን በሬ በርካሽ አገኘሁ ብላችሁ አትውሰዱ፣ መጨረሻ ላይ ገዢ አታገኙለትም።

የቦረና ይሻላል የሐረር?

ለምን ገበያ? መጀመሪያ እሱን መልሱ።

የሐረር ሰንጋ ስሙ የገነነው በዝርያው ብቻ አይደለም፣ በአያያዙም ነው። የሐረርጌ ገበሬ አንድ ወይም ሁለት በሬ ብቻ ቤቱ አስሮ፣ የማሽላና የበቆሎ ማሳውን እያሳሳ የነቀለውን አገዳና ቅጠል በእጁ እያጎረሰ ነው የሚያደልበው። እኛ ለማድለብ ብለን ከሐረር ደህና በሬ ልግዛ ብንል ስሙን ነው የምንከፍለው፣ ግማሽ ሥራው ተሠርቶ ስለሚመጣ። የቦረና ከብት ቁመት አለው፣ አጥንቱ ሰፊ ነው፣ ቆላ ስለለመደ ሙቀት ይችላል፣ በአዳማና በሞጆ አካባቢ ያሉ ለኤክስፖርት የሚያደልቡ ማድለቢያዎች በብዛት የሚይዙት የቦረና ኮርማ ነው። ያቤሎ አካባቢ እንደ ሀሮ ባኬ፣ ወደ ሞያሌ መንገድ ደግሞ እንደ ዱብሉቅ ያሉ ገበያዎች ላይ ከአርብቶ አደሩ ይገዛና ወደ መሀል ሀገር ይመጣል። የአርሲ በሬ ትንሽ ነው ግን ቶሎ ይደልባል፣ ብዙ ብር ለሌለው ጀማሪ ጥሩ ነው። ከጣና ዙሪያ የሚመጣው ፎገራ ትልቅ ነው፣ ረግረግ ላይ ስለሚውል ግን የጉበት ትል መድኃኒት ሳትሰጡ መኖ አትጀምሩ፣ ትሉን ነው የምታደልቡት። ራያም፣ የሁመራ በጋይትም፣ የጅማውም አለ፣ ሁሉንም እዚህ አልዘረዝርም። ባጭሩ ገዢው በስም የሚጠራው ዝርያ ሲሸጥ ዋጋ ያወጣል ሲገዛም ያስከፍላል።

ዕድሜ በዋጋ ላይ ምን ያህል ለውጥ ያመጣል?

ብዙ። ዕድሜ በጥርስ ነው የሚታየው። (አፉን ስትከፍቱ ከላይ በፊት በኩል ጥርስ ስታጡ ያረጀ እንዳይመስላችሁ፣ ማንም በሬ ከላይ የፊት ጥርስ የለውም፣ አንድ ልጅ በዚህ ምክንያት ጥሩ ወይፈን ጥሎ መጥቶብኛል።) ከታች ያሉትን ስምንቱን ነው የምታዩት፣ የወተት ጥርሱ ወድቆ ሰፋፊዎቹ ጥንድ ጥንድ እያሉ ይወጣሉ። ሁለት ሰፊ ጥርስ ካወጣ ወደ ሁለት ዓመት ተኩል፣ ስምንቱም ከሞሉ አራት አምስት ዓመት ገደማ ብላችሁ ያዙት፣ በደንብ ያልበላ ከብት ግን ጥርሱ ይዘገያል። ጥርሱ የተበላና የተነቃነቀ ደግሞ ያረጀ ነው።

ገና ወይፈን የሆነው የሚበላውን ለአጥንትና ለቁመት ያውለዋል፣ በ90 ቀን ስብ ይዞ አይጠብቃችሁም፣ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ከ4 ዓመት እስከ 7 ዓመት ያለ፣ ትንሽ አርሶ የከሳ በሬ ለሀገር ውስጥ ሉካንዳ አንደኛ ነው፣ ቁመቱን ጨርሷል፣ የሚበላው ሁሉ ወደ ሥጋና ስብ ነው የሚሄደው። በጣም ያረጀው ይረክሳል፣ ግን ማኘክ ስለማይችል ጭድ አይጠቅመውም፣ ፉርሽካ ብቻ ይፈልጋል፣ እዛ ላይ ርካሽነቱ ይጠፋል።

የከሳ ልግዛ ወይስ ሞላ ያለ?

የከሳበትን ምክንያት ግዙ። ርቦት የከሳ በሬ መኖ ሲያገኝ በቀላሉ ነው የሚመለሰው፣ የመጀመሪያው ወር ላይ የሚጨምረው ያስገርማል። ታሞ የከሳ ግን መኖ ይበላችሁና አይጨምርም። ርቦት የከሳው ዓይኑ ንቁ ነው፣ አፍንጫው እርጥብ ነው፣ ሳር ብታሳዩት ይዘላል፣ ቆዳውን ስትይዙት ለቀቅ ይላል። የታመመው ፀጉሩ ይቆማል፣ ቆዳው አጥንቱ ላይ ይጣበቃል፣ ዓይኑ ይጎደጉዳል፣ ጅራቱ ሥር የተቅማጥ ምልክት አለ።

ከከተማ ዳር የመጣ ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቁ። ከተማ ለከተማ ሲዞር ፌስታል የዋጠ በሬ አለ፣ ሆዱ ውስጥ ይጠቀለላል፣ ትንሽ በልቶ ይተዋል። እኔ አንድ እንዲህ ያለ ገዝቼ ሁለት ወር ሙሉ መድኃኒት እየቀያየርኩ ስመግበው ከርሜ፣ ሲታረድ ከሆዱ የወጣውን ፌስታል ብታዩት ታዝኑ ነበር። ሌላው ጨው ነው። አንዳንድ ሻጭ ጠዋት ጨው አልሶ ውሃ ያጠጣዋል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ጎኑ ይሞላል፣ ያምራል። ማታ ቤት ስታደርሱት ሌላ በሬ ነው። እኔ ላይ የተሠራብኝ የመጀመሪያ ዓመት ላይ ነው፣ ስገዛው 250 ኪሎ ይሆናል ያልኩት በሬ በነጋታው ደረቱን በሜትር ስለካው 220 እንኳን አልሞላም። ከዛ ወዲህ ሆድ አላይም። የማየው ጀርባውን፣ የጎድን አጥንቱን፣ ሻኛውንና የጅራቱን ሥር ነው፣ እነዚህን ውሃ አይሞላቸውም።

ሚዛን ከሌለ ኪሎውን በምን አውቃለሁ?

በሜትር። ከፊት እግሮቹ ኋላ፣ ሻኛው ሥር አድርጋችሁ የደረቱን ዙሪያ ትለካላችሁ፣ ከዙሪያው ወደ ኪሎ የሚቀይር የከብት ሜትር አለ፣ ትክክለኛ ሚዛን አይሆንም ግን ከዓይን ግምት በብዙ ይሻላል። ሻጩ ሜትር ስታወጡ ሊቆጣ ይችላል፣ እየቀለዳችሁ ለኩ።

ቀለምና ቀንድስ?

ቀለም ሥጋ አይሆንም፣ ግን ብር ይሆናል። ለበዓል ቅርጫ የሚገዛ ሰው ቀይ ወይም ዳለቻ ይመርጣል፣ አንዳንዱ ጥቁር አይወድም። ቀንዱ የተሰበረ፣ ጆሮው የተቀደደ፣ ጅራቱ የተቆረጠ ይረክሳል፣ ለሉካንዳ ከሆነ የምታደልቡት ይሄ ለናንተ በረከት ነው ግዙት።

በሽታ ሲነሳ ዋጋው ምን ይሆናል?

አፍተ ግር ወይም ቆዳ ላይ እብጠት የሚያወጣው በሽታ የሆነ ወረዳ ሲገባ ገበያው ሊዘጋ ይችላል፣ ባይዘጋም ከዛ የሚመጣ ከብት ይረክሳል። ሰዉ «በርካሽ አገኘሁ» ብሎ ይሮጣል። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለኛ ለአድላቢዎች ይመስለኛል፣ አንድ የታመመ አምጥታችሁ ከአሥሩ ጋር ካቀላቀላችሁት ምን እንደሚሆን እናንተው ገምቱት። አዲስ የገባ ከብት ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለብቻው ይታሰር፣ የትል መድኃኒት ይሰጠው፣ አባ ሰንጋ፣ አባ ጎርባ፣ ጎረርሳና የመሳሰለውን ክትባት ከእንስሳት ሐኪም ጋር ተነጋግራችሁ አስከትቡ። የተከተበ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ያለው ከብት ትንሽ ቢወደድም እኔ እከፍላለሁ፣ እኛ ጋ ግን እንዲህ አይነት ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሻጭ ብዙም አይገኝም።

ድርቅ ሲመጣ ከብት ይረክሳል፣ ያኔ ገዝቼ ባስቀምጥስ?

ድርቅ ሲጀምር አርብቶ አደሩ መጀመሪያ አይሸጥም፣ ዝናብ ይጠብቃል። ዝናቡ ሲቀር ሁሉም አንድ ላይ ያወጣል፣ ከብቱ መቆም የማይችል ሆኖ ነው የሚመጣው፣ ዋጋው ይወድቃል፣ እህል ደግሞ በተቃራኒው ይወደዳል። ቦረና ላይ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ቀርቶ የደረሰውን ሁላችንም አይተናል፣ ስንት ከብት የነበረው ሰው ባዶ እጁን ቀረ። በዛን ጊዜ በርካሽ ገዝቶ መኪና ላይ የጫነ ነጋዴ ግማሹ መንገድ ላይ ሞቶበታል። በዛ ላይ መኖው የት አለ? ድርቁ መኖውንም ነው የሚያስወድደው። ድርቁ ሲያልፍ ደግሞ አርብቶ አደሩ መንጋውን መልሶ ለመሙላት ከብት ይይዛል እንጂ አይሸጥም፣ ያኔ የቦረና ኮርማ ይጠፋል ዋጋውም ይሰቀላል። ይሄ ዋጋ ለአንድ ሁለት ዓመት ሊቆይ ይችላል።

ኮርማ ነው ሰንጋ የሚሻለው? ዶላር ምን አገባው?

ለሀገር ውስጥ ከሆነ ሰንጋ፣ የተኮላሸው። እኛ ጥሬ ሥጋ የምንበላ ሰዎች ጮማ እንፈልጋለን፣ ስብ የሚይዘው ደግሞ የተኮላሸው ነው። ለአረብ ሀገርና ለግብፅ ገበያ ግን ያልተኮላሸ፣ ወጣት፣ ቀይ ሥጋ ያለው ኮርማ ነው የሚፈለገው። ስለዚህ አንድ ወይፈን ሲኮላሽ የሚሸጥበት ገበያም አብሮ ይቀየራል።

ዶላር የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ላኪው በአንድ ዶላር የሚያገኘው ብር በጣም ጨመረ፣ ስለዚህ ለቦረና ኮርማ ከበፊቱ የበለጠ ብር መክፈል ቻለ። ከብት በሞያሌም በሌላ በኩልም በሕገወጥ መንገድ እንደሚወጣ ይታወቃል፣ ድንበር አካባቢ ያለ ሻጭ የሚያወዳድረው ከአዳማ ዋጋ ጋር ብቻ አይደለም። በተቃራኒው ደግሞ ውጭ ያለው ገበያ ሲዘጋ ኮርማው ሁሉ ሀገር ውስጥ ይቀራል። በ2000 እ.ኤ.አ. ሳዑዲና የመን ላይ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ሲነሳ የባሕረ ሰላጤው ሀገሮች ከአፍሪካ ቀንድ የሚገባውን ከብት አገዱ፣ ያኔ የነበሩ ነጋዴዎች እስከ አሁን ያወሩታል።

ደላላ ዋጋ ያስወድዳል?

አንዳንዴ አዎ፣ ግን ያለ ደላላ የገዛሁባቸው ቀኖች ሁሉ የተሻሉ ነበሩ አልልም። በምሥራቅ በኩል ባሉ ገበያዎች ገዢና ሻጭ በሽርጥ ወይም በነጠላ ሥር እጅ ለእጅ ተያይዘው በጣት ነው የሚደራደሩት። አጠገባቸው የቆመ ሰው ስንት እንደተባለ አያውቅም። ለምን ቢባል ቀጣዩ ገዢ እንዳይሰማ ነው። ውጤቱ ግን ገበያው ውስጥ «የዛሬ ዋጋ» የሚባል ነገር የሚያውቀው ደላላው ብቻ ይሆናል፣ ቀኑን ሙሉ አሥር ሰው እጅ ይዟላ። ስለዚህ ደላላውን ከመሸሽ ሁለት ሦስት ገበያ ምንም ሳትገዙ ገብታችሁ ጠይቁ፣ ስትወጡ ሻጮቹን «ስንት ሸጥከው አባቴ?» በሉ፣ ከሸጡ በኋላ ይናገራሉ።

አሜሪካ ያለው የከብት ጨረታ እንዴት ነው? እኛ ጋ ቢኖርስ?

እዛ ያለ ዘመድ ያላችሁ ሰዎች ቪዲዮ ትልኩልኛላችሁ። ኦክላሆማ ሲቲ ውስጥ ከ1910 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ በጣም ትልቅ የከብት ጨረታ ገበያ አለ፣ ለማድለብ የሚሆን ከብት (ፊደር ካትል ይሉታል) በየሳምንቱ ይሸጥበታል። ከብቱ ወደ መሀል ይገባል፣ ይመዘናል፣ ጨረታ መሪው እንደ ዘፈን እያፈጠነ ይጠራል፣ የመጨረሻው ዋጋ ለሁሉም ይሰማል። ከኛ የነጠላ ሥር ድርድር ጋር ፍጹም ተቃራኒ ነው።

ዋጋው በአንድ ከብት ሳይሆን በ100 ፓውንድ ክብደት (45 ኪሎ ገደማ) ነው የሚጠራው። ቀላሉ ጥጃ በፓውንድ ሲታይ ከከባዱ ይወደዳል፣ ምክንያቱም ቀሪው ኪሎ በርካሽ መኖ የሚጨመር ስለሆነ፣ በቆሎ ሲወደድ ግን ይሄ ልዩነት ይጠባል፣ አድላቢው ከባዱን መግዛት ይመርጣል። አንድ አይነት ቁመት፣ ቀለምና ክብደት ያላቸው ሃያ ሠላሳ ከብቶች አንድ ላይ ሲገቡ ከተበታተኑት ይበልጣሉ፣ መኪና ሙሉ አንድ ላይ ስለሚጫኑ። ከእናቱ ከተለየ 45 ቀን የሞላው፣ የተከተበ፣ ቀንዱ የተቆረጠ፣ የተኮላሸ ጥጃ ጭማሪ ያገኛል። የወደፊት ዋጋውን አስቀድሞ መዋዋል የሚቻልበት ገበያም ቺካጎ ላይ ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። የከብት ቁጥራቸው በ2024 መጀመሪያ ላይ ከ1951 ወዲህ ዝቅተኛው ሆኖ ነበር፣ በዛ ላይ ቁስል ውስጥ የሚፈላ ሥጋ በል ትል ሜክሲኮ ስለገባ ከዛ የሚመጣውን ከብት ድንበር ላይ አገዱት፣ የጨረታ ዋጋው ታይቶ የማይታወቅ ከፍታ ላይ ወጣ።

እኛ ጋ ቢኖርስ ላላችሁት፣ ሚዛኑ ብቻውን ቢመጣ እንኳን እኔ በቂዬ ነው። ጨረታ መሪው ይቆይ።

ውጭ ሀገር ነኝ፣ ለወንድሜ ብር ልኬ ከብት ቢገዛልኝ ያዋጣል?

ያዋጣል፣ ግን ብሩን የምትልኩበት ቀን ዋጋውን ያስወድደዋል። ስንት ሰው አይቻለሁ፣ ብሩ ጥር ላይ ይገባል፣ ወንድም ብሩ እንዳያልቅበት ቶሎ ይገዛል፣ ገበያው ውስጥ «የአሜሪካ ብር ነው» ተብሎ ይወራል፣ ደላላው ያውቃል፣ ከዛ ምን ትጠብቃላችሁ። ብሩን ቀድማችሁ ላኩና የመግዣ ጣሪያውን ቁጥር አብራችሁ ስጡት፣ ከዛ በላይ ከሆነ ሳይገዛ ይመለስ፣ ሳይገዛ ስለተመለሰም አትቆጡት። የገበያ ካርኒ ይቁረጥ፣ ሻጩን የሚያውቅ ሰው ምስክር ይኑር፣ የተሰረቀ ከብት መግዛት ከርካሽ ሁሉ የበለጠ ያስከፍላል።

ከሩቅ ገበያ መግዛት ይሻላል?

በመኪና ሲመጣ ኪሎ ይቀንሳል፣ ረጅም መንገድ ከሆነ ከአሥር እጅ አንዱን ሊጥል ይችላል፣ ያልለመደ ከብት ደግሞ ሳምንት ሙሉ በደንብ አይበላም። የኬላ ክፍያ፣ የጫኝ፣ የእረኛ፣ መንገድ ከተዘጋ ማደሪያ አለ። እነዚህን ደምራችሁ ለበሬዎቹ ቁጥር አካፍሉት። ሁለትና ሦስት በሬ ለማምጣት ሩቅ መሄድ አያዋጣም፣ አይሱዙ የሚሞላ ካላችሁ ወይም ከጎረቤት አድላቢ ጋር ከተጋራችሁ ግን ይሞከራል።

ገበያ በስንት ሰዓት ልግባ?

ጠዋት ለማየት፣ ከሰዓት ለመግዛት። ጠዋት ላይ ሻጩ ገና ተስፋ አለው፣ ጥሩ ጥሩዎቹን ግን ታያላችሁ ትለዩአቸዋላችሁ፣ ደረታቸውን ትለካላችሁ። ከሰዓት ስምንት ሰዓት ካለፈ በኋላ ከሩቅ የመጣ ሻጭ በሬውን ይዞ መመለስ ያሳስበዋል፣ ዝናብ ካጉረመረመ ደግሞ የበለጠ። በዛን ሰዓት ጠዋት ከጠየቃችሁት ሰው ጋር ድጋሚ ተገናኙና «አባባ፣ አልተሸጠም እንዴ?» በሉት፣ ከጠዋቱ ጥሪው ስንት እንደወረደ ራሱ ይነግራችኋል።